ከፍራሽ የወጣ ነቀዝ

ብርቅነሽ ዝም ማለት ስትችል ለምን ተናገረች?

ጉለሌ ውስጥ እሷን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቆታል፤ የሚያረካ መልስ ያመጣ ግን የለም። ደግ ስለሆነች ነው እንዳይባል፣ ደግነቷን አይቻለሁ የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ምላሷ እንደ ወስፌዋ ነበር። ጎረቤቷን ሸፊን ስለምትወደው ነው እንዳይባል፣ ከሸፊ ጋር ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታ አልነበራቸውም። ፍርሃት ስለማታውቅ ነው እንዳይባልም፣ የቀበሌ ጥበቃ በደጇ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆማ የምታሳልፍ ሴት ነበረች። ራሷን ሲጠይቋት ደግሞ፣ «እኔ ምን አውቄ፣ አፌ ነው» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ብርቅነሽ ፍራሽ ሰፊ ነበረች። ከጳውሎስ በላይ ባለው ድንጋያማ መንገድ ዳር፣ ከፊት አንዲት ክፍል ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለ የሣር ማስቀመጫ ባላት ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። ወደ ሥራው ያስገባት ሞት ነው። ባሏ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ለፈረሱ ድርቆሽ የሚያመጣለት ቱሉ የሚባል የሱሉልታ ገበሬ ነበር። ባልየው በድንገት ታሞ ሲሞት ፈረሱ ተሸጠ። ቱሉ ግን ወሬውን አልሰማም ነበርና እንደ ልማዱ ቅዳሜ ጠዋት አህያውን ጭኖ መጥቶ ድርቆሹን ደጇ ላይ አራገፈው። ነገሩን ሲነግሩት አለቀሰ፤ ያራገፈውን መልሶ ለመጫን ግን እጁ እምቢ አለው። ትቶላት ሄደ። ፈረስ የሌላት ሴት በደጇ የተከመረውን የፈረስ መኖ ስታይ ዋለችና፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ጆንያ ተርትራ አጋጥማ ሰፋች፣ ድርቆሹን ሞላችበት። ልቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶች እዚያ ላይ ከተቀመጡ በኋላ አልነሳ አሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ሐዘን ልደርስ መጥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ለእኔም አንድ ብትሠሪልኝ አለቻት። በዚያው ቀጠለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሣር መሙላት ምን ይከብዳል? እሷ ግን ከሱሉልታ ሜዳ የመጣውን ሣር ደጇ ላይ በትና በመንሽ እያገላበጠች ፀሐይ ታጠግበዋለች። ከዚያ እፍኝ ዘግና ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና ትጨብጠዋለች። ሣሩ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው። ካልተንኮሻኮሸ፣ «ገና አልተናገረም» ብላ መልሳ ትበትነዋለች። ሲሞላም ከማዕዘኖቹ ትጀምራለች፤ መካከሉ ራሱን ያውቃል ትላለች። በዱላ እየደበደበች ትጠቀጥቀዋለች፣ በሲባጎ ትሰፋዋለች፣ በመጨረሻዋ ማዕዘን ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ክር ቋጥራ ከስፌቱ ውስጥ ትቀብራለች። ያችን ቋጠሮ ከእሷ በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ለምን እንደምታደርጋትም ተናግራ አታውቅም።

ሸፊ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ነው። በመንገዱ ዳር ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪትና ሲገኝ ስኳር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ጠባቸው የመጣው ከሰማይ ነው ማለት ይቻላል። የሸፊ ጣሪያ አሸንዳ ስላልነበረው የክረምቱ ውሃ በሙሉ በብርቅነሽ የሣር ማስቀመጫ ላይ ይወርድ ነበር። ብትነግረው፣ ሣር ውሃ ቢጠጣ ምን ይሆናል፣ ዱሮም ያደገው በውሃ አይደለም ወይ ብሎ ቀለደባት። ቀልዱ በሰፈሩ ዞረ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ እየሳሉ፣ እያነጠሱ፣ አንዳቸው የአንዳቸውን ትንፋሽ እየሰሙ፣ ደጅ ላይ ሲገናኙ ግን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይተላለፉ ጀመር።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ አንዲት ሴትዮ ወደ ብርቅነሽ ዘንድ መጣች። የእህቷ ልጅ ስለምታገባ ሰፊ፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ፍራሽ ፈለገች። ማን እንደሚያገባት አልተናገረችም፤ ብርቅነሽም አልጠየቀችም። ቱሉ ያመጣው የአዲሱ አጨዳ ሣር ደጅ ላይ ተበትኖ ነበር። ሴትዮዋ በየጠዋቱ እየመጣች፣ ሠርጉ ደረሰ፣ አዋረድሽኝ፣ መሬት ላይ ላስተኛቸው ነው ወይ እያለች ነዘነዘቻት። ብርቅነሽ እፍኝ ዘግና ጆሮዋ ላይ ጨበጠች። ሣሩ አልተናገረም። በማግስቱም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ማልቀስ ስትጀምር፣ ብርቅነሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልደረቀ ሣር ሞላችና ሰፍታ ሰጠቻት። ሙሽራዋ ኡሙሀኒ፣ ሙሽራው ሸፊ መሆኑን ያን ጊዜ ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ።

ሠርጉ አልፎ ኅዳር ገባ። ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ምግብ ያስተፋል። ከተማውም ውስጥ እህል የሚገኘው በቀበሌው ሱቅ በራሽን ሲሆን፣ ሱቁ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አልገባም» የሚል ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መሸሻ በየስብሰባው እህሉን ማን እንደበላው ይናገራሉ። ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ንግግር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ነጋዴ የሕዝብ ነቀዝ ነው ይሉ ነበር፤ እህል ደብቆ ከውስጥ ከውስጥ የሚቦረቡር ነቀዝ። ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፤ ሸፊም ከኋላ ሆኖ ያጨበጭባል።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ጠዋት ቦኖው ላይ ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ውሃ ሲጠብቁ፣ ኡሙሀኒ ዓይኗ ደም ለብሶ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት ገና ለሰፈሩ አዲስ ናትና ያላትን ሁሉ ዘረገፈችው።

«ሌሊቱን ሙሉ ነቀዝ ላያችን ላይ ሲሄድብን አደረ። ከአልጋው ብናራግፍ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።»

አንዷ ቀልደኛ፣ ነቀዝ የሚያድርበት እህል ያላት የታደለች ናት አለች። ሳቁ። ብርቅነሽም እዚያው ቆማ ነበር፤ የሸፊ ሚስት ናትና ፊቷን ወደ ቧንቧው አዙራ አልሰማሁም አለች። ቀልዱ ግን ከቦኖው ተነስቶ ቀበሌ ደረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ከነመቆፈሪያቸው ሸፊ ቤት ገቡ። እህል አላገኙም። ነቀዙን ግን አገኙት፤ በአልጋው እግር፣ በግድግዳው ሥር፣ በሙሽራዋ ሻንጣ ላይ፣ አፍንጫው ረዘም ያለ ትንሽ ፍጥረት በብዛት ይሄዳል። ሸፊን ወሰዱት። የቤቱን ወለል ሲቆፍሩ የቆዩበት ድምፅ በግድግዳው በኩል ስለሚሰማ ብርቅነሽ ያን ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም።

ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ሁሉ ቀበሌው ግቢ ተጠራ። ጓድ መሸሻ ከደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር የሸፊ የቤት ዕቃ ተከምሯል። በእጃቸው የያዙትን የክብሪት ቀፎ ከፍ አድርገው አሳዩ። ውስጡ ከሸፊ ቤት የተለቀመ ነቀዝ ነበር። በስብሰባ ሲናገሩት የከረሙት ነገር በእግሩ ሄዶ ስለመጣላቸው ፊታቸው በርቷል።

«ነቀዝ አየር አይበላም ጓዶች» አሉ። «ነቀዝ ካለ እህል አለ። እህሉን የት እንዳሸሸው ከላይ፣ ከከፍተኛ የሚመጡት ሰዎች ይጠይቁታል። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

በዚያ ዘመን መኪና ላይ የወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ኡሙሀኒ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ቆማለች። ብርቅነሽ የምታየው ግን እሷን አልነበረም፤ ዓይኗ የተከመረው ዕቃ ላይ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ አንድ ሰፊ ፍራሽ ተጥሏል፤ ማዕዘኑ በሳንጃ ተቀዶ ሣሩ ተዘርግፏል፤ ከተቀደደው ስፌት ውስጥ አንዲት ቀይ ክር ብቅ ብላለች።

ይህን ጊዜ ነው የተናገረችው።

«ያንን ፍራሽ ማን ነው የቀደደው?» አለች።

ሕዝቡ ዞሮ አያት። ጓድ መሸሻ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ፣ «አንቺን ምን አገባሽ?» አሏት።

«የእኔ ሥራ ነዋ። ደግሞ ያ ነቀዝ የምትሉት ከእኔ ሣር የወጣ ነው።»

የመጀመሪያው ንዴት ነው እንበል። ለፍቶ የሰፋ ሰው ስፌቱ በሳንጃ ሲተለተል ዝም ማለት ያቅተዋል። ሁለተኛውን ግን ማን አስገደዳት? ፍራሹን ማን እንደሠራው ግቢው ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሸፊ ራሱ አያውቅም። ደግሞ ፍራሿ ተባይ ያፈላል ከተባለ ማን ይገዛታል? እንጀራዋ ያው ነው፤ ሌላ የላትም። ይህን ሁሉ ቆማ ሳለች አስባው ነበር፤ አፏ ግን አልጠበቃትም።

ጓድ መሸሻ ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ሌላውም ሳቀ። ነቀዝ ሣር መጋጥ ከጀመረ ለእርሻ ሚኒስቴር ማመልከት አለብን፣ ከላም ጋር ይቆጠራል አሉ። ብርቅነሽ ወደ ፍራሹ ሄዳ ሣሩን አራገፈችው፤ በእጇ በተነችው፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አልወጣም። ሌሊቱን ሲገለበጥና ሲቀደድ ያደረ ፍራሽ ነውና ያለው ሁሉ ሸፊ ቤት ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል። ሳቁ ባሰ። ጓድ መሸሻ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«ስሚ፣ አንቺ ሴትዮ» አሉ። «መኪናው እስኪመጣ ጊዜ አለሽ። ሣር የሚበላ ነቀዝ ካመጣሽ እናያለን። ካላመጣሽ ለአሻጥረኛ የቆመ ሰው ያው አሻጥረኛ ነው፤ መኪናው ላይ ለአንቺም ቦታ አይጠፋም።»

ብርቅነሽ ከግቢው ወጥታ ወደ አዲሱ ገበያ አቅጣጫ መሮጥ ያዘች። ቅዳሜ ነውና ቱሉ እዚያ ሣር ይዞ መውረድ አለበት፤ ካልሸጠው። ካልሸጠው የሚለው ቃል በየእርምጃዋ ይከተላታል። የጎጃም በር ሰዎች ወገቧን ታጥቃ የምትሮጠውን ሴት ቆመው ያዩ ነበር። ትንፋሿ ሲያጥር ከኋላዋ የሚሮጥ ሌላ እግር ሰማች። ኡሙሀኒ ነች።

«በአፌ ነው ያሳሰርኩት» አለች ኡሙሀኒ ስትደርስባት። «ነቀዝ ባልል ኖሮ!»

ብርቅነሽ አየቻት። ገና ልጅ ነገር ናት፤ የእጇ እንሶስላ እንኳ አልለቀቀም።

«አንቺ በአፍሽ፣ እኔ በእጄ» አለቻት። «አክስትሽ ደግሞ በለቅሶዋ። ነይ አሁን፣ ኋላ ቁጭ ብለን እንካፈለዋለን።»

ቱሉ ከሣር ተራው ጫፍ ላይ ተገኘ። ከጭነቱ ሁለቱን እስር ሸጦ ሦስተኛውን አንዲት ላም አርቢ ሴትዮ ስትከራከረው ደረሱ። ብርቅነሽ ሰላምታም ሳትሰጥ ጭነቱን አቅፋ ያዘች። ሴትዮዋ ወፈፌ መስላት ራቀች። ቱሉ ነገሩን ሲሰማ ግን የአህያውን ገመድ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሣሩን ውሰጂው አላት፤ እሱ ግን ቀበሌ ወደሚባል ቦታ እግሩን እንደማያነሳ ነገራት። ያገሩ ሰው ቀበሌ ገብቶ በቀላሉ ሲወጣ አላየም።

«አህያዬን ቢወርሱብኝስ?» አለ።

«አህያህን ከወረሱት እኔን ጭነህ ትመለሳለህ።»

ቱሉ ከላይ እስከ ታች መዘናት። «አንቺ አትጫኚም» አለ፤ «ገና ሲለጉሙሽ ትናከሻለሽ።» ይህን ብሎ ግን አህያውን ወደ ጉለሌ አዞረው።

ቀበሌው ግቢ ሲደርሱ ሕዝቡ አልተበተነም ነበር። እንዲያውም በዝቷል፤ ሣር የሚበላ ነቀዝ የሚመጣ መሆኑን የሰማ ሁሉ መጥቷል። ኡሙሀኒ ነጭ ነጠላዋን አውልቃ ግቢው መሀል ዘረጋችው። ቱሉ ጭነቱን ፈታ። ሣሩን በነጠላው ላይ በስሱ በተኑትና ሁሉም ዙሪያውን ከቦ ማየት ጀመረ።

ምንም አልወጣም።

አንድ ጥበቃ ተጎንብሶ ሣሩን እያየ፣ ነቀዞቹ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ አለ። ሳቁ። ጓድ መሸሻ ሰዓታቸውን አዩ። ብርቅነሽ ሣሩን በእጇ ገለበጠችው፤ ተሳስቼ ይሆን? ሣሩ ከዚያው ሜዳ አይደለም ይሆን? ቱሉን በዓይኗ ጠየቀችው። ቱሉ ትከሻውን ሰብቆ፣ ከእንጦጦ ማዶ ሲነሱ ውርጭ እንደነበር፣ እሱ ራሱ እዚህ ወርዶ እስኪሞቀው ድረስ እንዳልተናገረ አጉረመረመ። ፀሐይዋ ወጥታ ከአናት በላይ ሆናለች። የሣሩ ሽታ መነሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ያየችው ኡሙሀኒ ናት። ጣቷን ቀሰረች። ከአንድ የሣር ዘለላ ሥር አንድ ግራጫ ነጥብ ወጣ። አፍንጫው ወደ ታች ጎበጥ ያለ፣ ጀርባው ላይ አረንጓዴ የሚመስል አቧራ የተነሰነሰበት፣ ዘገምተኛ ፍጥረት ነው። በነጩ ነጠላ ላይ ትንሽ ሄደ፤ ቆመ፤ ዙሪያውን የከበበውን ሕዝብ የሚያይ መሰለ። ከኋላው ሌላ ወጣ። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም ወጡ፤ ነጠላው ሩዝ እንደሚለቀምበት ሰፌድ ተዥጎረጎረ። ሕዝቡ «እህ» ብሎ ወደ ፊት ተገፋ።

ጓድ መሸሻ አንዱን በሁለት ጣታቸው አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ፍጥረቱ እግሮቹን ሰብስቦ፣ አፍንጫውን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ ድርቅ አለ።

«ሞተ» አሉ።

ለሕዝቡ ሊያሳዩ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲናገሩ፣ የሞተው ተነስቶ በጣታቸው መካከል አለፈና ወደ ካኪያቸው እጅጌ ገባ። እጃቸውን አራገፉ፤ በሌላው እጃቸው ክንዳቸውን መቱ፤ ዞሩ። ሰው ለመሳቅ ፈርቶ አፉን ያዘ፤ ቱሉ ግን አልያዘም።

የክብሪቱ ቀፎ ተከፍቶ ከጎኑ ተራገፈ። አንድ ናቸው። ያው ጎባጣ አፍንጫ፣ ያው ጀርባ፣ ያው ሲነኩት መሞት። ብርቅነሽ እፎይ ልትል ስትል ጓድ መሸሻ እጅጌያቸውን እያስተካከሉ፣ ነቀዝ ነቀዝ ነው አሉ። ሣር ውስጥ ተደብቆ ቢገኝስ? ማን ያውቃል፣ ይህ ገበሬ ሣሩን ከእህል ጋር አስቀምጦት ይሆናል። ወደ ቱሉ ዞረው የዚህ ተባይ ስሙ ማን ነው ብለው ጠየቁት።

«ስም የለውም» አለ ቱሉ። «ላም ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። እሷም ስሙን አልጠየቀችም።»

እውነቱን ነው። ያ ፍጥረት ስም ስላልነበረው የሌላውን ስም ሰጡት፤ ከስሙ ጋር የሌላውን ወንጀል ሰጡት፤ ሸፊም በዚያው ታሰረ። ብርቅነሽ ይህን እንዲህ አድርጋ መናገር አትችልም ነበር። በልቧ የመጣላት ግን ቀላል ነገር ነው፤ እውነተኛው ነቀዝ ይምጣና ጎን ለጎን ይታይ አለች። ሕዝቡ በሐሳቡ ተስማማና ወዲያው ተቸገረ። ነቀዝ ከየት ይመጣል? እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ሰሞን ነቀዝ እስኪገባበት ድረስ የሚቆይ እህል በማን ቤት አለ? አንዷ ነቀዝ ካየሁ ዓመት ሆነኝ አለች፤ እንደ ዘመድ ናፍቆኛል።

ማሸነፍ የፈለገ ሰው የሚረሳው ነገር አያጣም። ጓድ መሸሻ ነገሩን እዚያው ለመቁረጥ ቸኩለው ነበርና ወደ መጋዘን ጠባቂው ወደ ጉልላት ዞሩ።

«ሂድ ከመጋዘን አምጣ» አሉት።

ጉልላት ባለበት ቆሞ ቀረ። ቀጭን፣ ታዛዥ፣ ትእዛዝ ሲሰማ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነበር፤ አሁን ግን አንገቱ ቀጥ አለ። ከመጋዘን ነው? ብሎ ቀስ አድርጎ ጠየቀ። አልሰማህም ወይ ብለው ጮኹበት። ሄደ። የመጋዘኑ ቁልፍ ሲዞር እስከ ግቢው መሀል ተሰማ። ሲመለስ በጣሳ የያዘውን ነጠላው ጫፍ ላይ ገለበጠው፤ ስንዴ ነበር። ከስንዴው መካከል ጠቆር ያሉ፣ ከሣሩ ነቀዝ በግማሽ የሚያንሱ፣ ፈጣን ፍጥረታት ወጥተው በየፊናቸው ሸሹ። አንዱ የስንዴ ፍሬ ቦርቡሮ ግማሽ አካሉ ውስጥ ቀርቷል። የሣሮቹ ደግሞ ስንዴውን ረግጠው አልፈው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ልዩነቱን ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል።

ሕዝቡ ግን ነቀዙን አያይም ነበር። የሚያየው ስንዴውን ነው።

ጉልላት ባዶውን ጣሳ ሆዱ ላይ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ጓድ መሸሻም ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ቀስ በቀስ ሲወርድ ይታይ ነበር። ብርቅነሽ ከተንበረከከችበት ተነሳች፣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፈች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት፣

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ነቀዝ ካለ እህል አለ ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ከአጥሩ ሥር የጀመረ ሳቅ ግቢውን ሞላው፤ ጥበቃዎቹ እንኳ ጠመንጃቸውን እየተደገፉ ሳቁ፤ አንድ ሽማግሌ ስቀው ስቀው ከዘራቸውን ጣሉ። ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅ ማንን ያስራሉ? ጓድ መሸሻ እጃቸውን አንስተው ጸጥታ ጠየቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የስብሰባ ድምፅ ለመሆን ይታገል ነበር። ስንዴው እኮ የተቀመጠው ዛሬ ሊታደል ነው አሉ፤ ለማብሰር ነበር ስብሰባውን የጠሩት፣ በዚህ በሣር ጉዳይ ተቋረጠ እንጂ። ከዚያ ለጉልላት፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ክፈተው» አሉት።

ሸፊን ያስፈታው ሚዛን ነው ቢባልም ይሆናል። ስንዴው ሲከፈት የሚመዝን ሰው ጠፋ፤ ጉልላት ሕዝቡ ፊት መቆም ፈርቶ ከመጋዘኑ አልወጣም አለ። ከሕዝቡ መካከል፣ ሚዛን የሚያውቅ ሰው ከጓሮ ታስሯል የሚል ድምፅ መጣ። አወጡት። ሌሊቱን ያልተኛ፣ ጫማ የሌለው፣ ነገሩ ሁሉ ያልገባው ሸፊ ብርሃን ላይ ሲወጣ ዓይኑን ሸፍኖ ቆመ። ኡሙሀኒ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና በጆሮው እያለቀሰች እየሳቀች አወራችው። ሲገባው ወደ ብርቅነሽ መጣ። ሁለት ክረምት ያልተለዋወጡት ቃል በመካከላቸው ቆሟል።

«ለካ በእርስዎ ፍራሽ ላይ ነው የተኛሁት» አላት።

«ብታውቅ መሬት ላይ ትተኛ ነበር» አለችው።

ሸፊ ሳቀ፤ እሷ ግን ፊቷን አዙራ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ እሱ ወደ ሚዛኑ ሄደ። ከከፍተኛ የመጣው መኪና ሲደርስ ያገኘው እስረኛ ሳይሆን ከግቢ እስከ መንገድ የተዘረጋ የስንዴ ወረፋ ነበር። ጓድ መሸሻ ለሾፌሩ የሣር ነገር ነው፣ ተጣርቷል አሉት። ቱሉ ግርግሩን ትቶ ሣሩን ሰብስቦ ከነፍጥረቶቹ ጫነና አህያውን እየነዳ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ብርቅነሽ ሥራ ሞልቶ ተረፋት። ነቀዟ ንጹሕ ነው እያሉ ከዊንጌት ወዲያ ሳይቀር እየመጡ አዘዟት። ያልተናገረ ሣር ግን ማንም ቢያለቅስባት ሞልታ አታውቅም፤ ደንበኛ ሲነዘንዛት ባለፈው የቸኮለ ሰው ሊቀ መንበር ከወንበሩ ሊያወርድ ነበር ትል ነበር። የቀበሌው ሱቅ አልገባም ባለ ቁጥርም ከወረፋው ውስጥ አንዱ ቀስ ብሎ ነቀዝ ፈልጉ ይላል፤ ይህ ከተባለ ብዙ ሳይቆይ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ነበር። ለምን እንደተናገረች ግን የሚጠይቃት አልጠፋም፤ የምትመልሰውም ያንኑ ነበር።

ያን ቅዳሜ ተራዋ ከወረፋው መጨረሻ አካባቢ ነበር። ከፊት ግቢ ብለው ጎተቷት፤ እምቢ አለች። ኡሙሀኒ ከቤት ትንሽ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻት። ከፊቷ ያሉት ሴቶች የቀኑን ነገር ደግመው ደጋግመው ያወሩታል፤ የጓድ መሸሻን የእጅጌ አረጋገፍ አንዷ ስትደግም ሌላዋ ታርማታለች። ብርቅነሽ ትሰማቸውና ትስቅ ነበር። ሳቋ እየቆየ፣ እየራቀ ሄደ፤ ሌሊት ያልመጣላት እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ሁለት ሴቶች ከነበርጩማዋ አንስተው ወደ ፊት አስጠጓት፤ አልነቃችም። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ መኪናው ባዶውን ከሄደ ቆይቷል።